እንደ ሰው ነው እንደ መሬት?

ጡረታ ስወጣ ሰመራ ያለው መሥሪያ ቤታችን ጋቢ ሸለመኝ። ጋቢ! ያውም በሰመራ! ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ሻይ ለመሆን ትንሽ የቀረው በሚመስልበት ከተማ፣ ባለጥለት ጋቢ አልብሰው መሃል አቁመው ፎቶ አነሱኝ። መንዝ ብርድ ውስጥ ሳድግ ያጣሁትን ጋቢ፣ ዕድሜ ልኬን በላብ ታጥቤ ስጨርስ አገኘሁት። አለቃችን ንግግር አደረገ፤ «ወይዘሮ ሙሉነሽ ብዙ ደክመዋል፤ እንግዲህ አረፉ» ብሎ ሲጨርስ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ሳቄ አመለጠኝና በጋቢው ጫፍ አፌን ያዝኩ። አጠገቤ የቆመችው ልጅ ያለቀስኩ መስሏት ጀርባዬን ታሸኝ ጀመር።

«አረፈ» የምትባል ቃል እኔ ላይ የሠራችውን ሥራ የሚያውቅ ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም። የሚያውቁት አሳይታ ነው ያሉት። አሁን አዋሽ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቀው ቤቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ይህን ስጽፍ ብቻዬን እስቃለሁ። ጎረቤቶቼ ጡረታው አናቷ ላይ ወጣ ሳይሉ አይቀሩም።

እኔ የአፈር ባለሙያ ነኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ሲሏት «ቆላ ወርዳ አፈር ትቆፍራለች» ትል ነበር፤ አልዋሸችም። መጀመሪያ የተመደብኩት እዚሁ አዋሽ ነው። ከመኪና ስወርድ የምድጃ በር የተከፈተብኝ መስሎኝ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ደመወዙ የበረሃ አበል ታክሎበትም ለወሬ ስለማይበቃ እሱን እንተወው። እዚህ ያገኘሁት ሀብት ጋሼ በላቸው ናቸው።

ጋሼ በላቸው የመጀመሪያ አለቃዬ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣቸው ከራሳቸው ቀድሞ የሚታይ ሰው። ማሳ ላይ ሲደርሱ ማንንም ሰላም ሳይሉ ከኮዳቸው የሚጠጡትን ውሃ መሬት ላይ ያፈሱና ቁጢጥ ብለው ያያሉ። ከዚያ «ጠጣ?» ይላሉ። መጀመሪያ ቀን «ማን?» አልኳቸው።

«መሬቱ ነዋ! አንቺማ ጠጥተሽ ነው የመጣሽው።»

ውሃው ቶሎ ከሰረገ መሬቱ ጤነኛ ነው። ቆሞ ካብረቀረቀ፣ ወይም ወደ ጎን ከሸሸ፣ አፉ ተዘግቷል። የእርሻው ዘበኞች ሰውየው ዛር አለባቸው እያሉ ያሟቸው ነበር፤ በዚያ ሙቀት የመጠጥ ውሃ መሬት ላይ የሚያፈስ ጤነኛ ሰው አይተው አያውቁማ። ሁለተኛው ልማዳቸው ደግሞ የባሰ ነው። የደረቀ የከብት እበት ካዩ ጎንበስ ብለው በእንጨት ጫፍ ቆርቆር ያደርጉትና «ቤቶች!» ይላሉ። ሲገለብጡት ጢንዚዛ ከተራወጠ ፊታቸው ይበራል፤ ጢንዚዛው እበቱን ወደ ውስጥ እየጎተተ መሬቱን ይበሳላቸዋል። ባዶ ከሆነ «ሰው የለም» ብለው እንደ እንግዳ ተመልሰው ይሄዳሉ። ከመኪናቸው መለዋወጫ ጎማ ይረሳል እንጂ አካፋ አይረሳም። ትምህርት ቤት የተማርኩት ብዙ ነው፤ አፈርን እንደ ጎረቤት መጠየቅን የተማርኩት ግን ከእሳቸው ነው።

ቀጥሎ ገዋኔ ተዛወርኩ። እዚያ ሪፖርት የሚወድ አለቃ ገጠመኝ፤ ስለ እሱ ይህን ያህል ይበቃል። ደግነቱ ሁመድን ያገኘሁት እዚያ ነው። ሁመድ የአካባቢው አፋር ነው፤ አማርኛውን የለመደው ጅቡቲ ከሚመላለሱ ሹፌሮችና ከጋራዥ ሰዎች ነበር። አስተርጓሚ አድርገን ስንቀጥረው ነገር ሁሉ መኪና ሆነብን። የደከመ በሬ «ባትሪ ጨርሷል»፣ የሚያነክሰው «ጎማው ተንፍሷል»፣ የማይሰማ ገበሬ «ፍሬኑ አይሠራም»። አሳይታ ስዛወር አብሮኝ መጣ። ቢሮ ውስጥ ከፀሐፊዎችና ከመምህራን ጋር ውሎ አማርኛው እየተሻሻለ ሄደ፤ ጉዳችንም ከመሻሻሉ መጣ።

አሳይታ ላይ አሻን ተዋወቅኩ። አሻ ባሏ የሞተባት፣ ቁጡ፣ ሳቂታ፣ ጎሣዋ ቦይ ዳር በሰጣት ማሳ ላይ በቆሎ እየዘራች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ነበረች። መሬቷ ግን እየከዳት ነበር። በየዓመቱ አገዳውን ታቃጥላለች፣ በትራክተር ታሳርሳለች፣ ውሃ ትለቃለች። ላዩ እንደ ቂጣ ጀርባ ይደርቅና ቡቃያው ቅርፊቱን መስበር አቅቶት ከሥር ተጠማዞ ይቀራል። የጎሣው ሽማግሌዎችም ትዕግሥታቸው አልቆ ነበር። ማሳው ምርት ካልያዘ ለአንድ ባለ ትራክተር ሊሰጡት ተማክረዋል። አሻ ይህን የነገረችኝ ቦዩ ዳር ቁጭ ብላ፣ ጓል በጣቷ ለመሰባበር እየታገለች ነው። «ይሄ ከሄደ እኔ ልጆቼን ይዤ ወዴት እሄዳለሁ?» አለችኝ።

ከኮዳዬ አፈሰስኩበት። አልጠጣም።

ከቦዩ ማዶ ደግሞ የሐጂ ያዮ ከብቶች ነበሩ። ሐጂ ያዮ የተከበሩ አርብቶ አደር ናቸው፤ በበጋ ከብቶቻቸው የጎድን አጥንታቸው እየተቆጠረ የአሻን አገዳ በእሾህ አጥር በኩል አሻቅበው ያያሉ። አስቡት እንግዲህ! ከወዲህ ምግብ ይቃጠላል፣ ከወዲያ ከብት ይራባል፣ መሃል ላይ አጥርና ጭቅጭቅ አለ። እኔ ከብቶቹ አጨዳው ካለቀ በኋላ ይግቡና አገዳውን ይብሉ፣ እበትና ሽንታቸውን ይተዉልን አልኩ።

«ከብት? እኔ ማሳ ውስጥ?» አለች አሻ። «ዕድሜዬ ያለቀው ከብት በማባረር አይደል እንዴ!»

ሐጂ ያዮም ቢሆኑ አላመኑም። «ጠርታ አስገብታ ካሳ ልታስከፍለኝ ነው» አሉ።

ሁለቱን ዛፍ ሥር አስቀምጠን ስንነጋገር ዋልን። በአፋር ደንብ መጀመሪያ ዳጉ ነው። ሁለት ሰው ሲገናኝ፣ የቱንም ያህል ቢቸኩል፣ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይለዋወጣል። ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ የማን ግመል ጠፋ። ያልሰሙትን መጨመር ነውር ስለሆነ ዳጉ ይታመናል፤ ከስልክም ይፈጥናል። ከዳጉው በኋላ ስምምነቱ መጣ። ከብቶቹ የሚገቡት መሬቱ ደርቆ ሳለ ነው። ማሳው በእሾህ አጥር ይከፋፈላል፤ አንዱን ክፍል ሲጨርሱ ወደ ሌላው ያልፋሉ። ውሃ ከመለቀቁ በፊት አንድም ኮቴ አይቀርም፤ እርጥብ ሸክላ አፈር የረገጠ ከብት ጡብ ነው የሚሠራው።

ከብቶቹ የገቡ ቀን የነበረውን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። አገዳው ሲንኮሻኮሽ፣ ሐጂ ያዮ ከብቶቻቸውን በየስማቸው እየጠሩ ሲያሞጋግሱ፣ አሻ ዱላዋን ይዛ እንደ ልማዷ ልታባርር ስትነሳ ሁመድ ቀሚሷን ይዞ «ፍሬን! ፍሬን!» ሲላት። ከብቶቹ ጠግበው ወጡ፣ እበቱ ቀረ። ወደ በቆሎ ከመመለሳችን በፊት መሬቱ ፋታ ያግኝ ብለን ውሃ ለቀቅንና ላብላብ የሚባለውን የመኖ ሐረግ ዘራንበት። ሥሩ ዘልቆ የተዘጋውን መሬት ይከፍታል።

ላብላቡ ብቅ ብቅ ሲል ጎንበስ ብዬ እያየሁ ሳለ ሁለት መንገደኞች መጡና ሁመድን ይህ ማሳ ለምን በቆሎ እንዳልተዘራበት ጠየቁት። እኔ ቀና እንኳ ሳልል «ዘንድሮ አርፏል ብለህ ንገራቸው» አልኩ።

ሁመድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራቸው። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንደኛው እጁን ደረቱ ላይ አደረገልኝ። ምን ዓይነት ጨዋ ሰዎች ናቸው ብዬ ደስ አለኝ። በማግሥቱም ለስብሰባ ሰመራ ሄድኩ።

ስመለስ ማሳው ውስጥ ከብት እንደ ገበያ ቀን ነበር። የሐጂ ያዮ አይደሉም፤ ከአፋምቦ አቅጣጫ የመጡ የማናውቃቸው ከብቶች ናቸው። ገና ውሃ በጠጣ መሬት ላይ፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው። እሪ ብዬ ሮጥኩ። ከእረኞቹ ጋር የነበሩ ሽማግሌ ግን ሰላምታ ሰጥተውኝ፣ በሐዘን ፊት፣ ለሁመድ አንድ ነገር ነገሩት።

«ምን አሉ?»

«አላህ ይተካልሽ አሉሽ» አለ።

«ማንን?»

«መሬቱን ነዋ፤ ሞተ አላልሽም እንዴ!»

«እኔ? መቼ?»

«አርፏል አልሽኝ! ቢሮ ውስጥ የእገሌ አባት አረፉ፣ የእገሊት እናት አረፉ እያላችሁ መዋጮ ስትሰበስቡ ሰምቻለሁ። አንድም ያረፈ ሰው ሲመለስ አላየሁም!»

ጋራዥ ውስጥ ቢቀር ኖሮ «ሞተ» የሚለውን ብቻ ያውቅ ነበር። እኛ በጨዋ አማርኛችን አበላሸነው። ዳጉው ደግሞ ታማኝ ነው። የአሻ መሬት ሞተ ተባለ፣ የሞተ መሬት ላይ የበቀለ ሣር የማንም ነው ተባለ፣ ከብት መጣ። በክፋት የመጣ አንድም ሰው አልነበረም።

ጭቃው ሲደርቅ ማሳው እንደ ሸክላ ድስት ደነደነ። ላብላቡ ከሥሩ ተረግጦ አልቋል። አሻ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። አንድ ደረቅ ጓል አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችና «ሙሉ፣ ሁመድ አልዋሸም። መሬቴ እውነትም ሞተ» አለችኝ። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ሰው ቀብሬም እንደዚያ አላለቀስኩም።

ሐጂ ያዮ ደግሞ በሌላ ተቃጥለው መጡ። ዳጉ የሚሰማ ሁሉ «በምን ሞተ?» ብሎ ይጠይቃላ! መሬቱ ሞተ ከመባሉ በፊት መጨረሻ የገቡት ከብቶች የእሳቸው ስለነበሩ ሰው በራሱ ገምቶ፣ የሐጂ ያዮ ከብቶች መሬት ገደሉ ተብሎባቸዋል። «ስሜ በዳጉ ወጥቷል፤ በዳጉ ነው የሚመለሰው» አሉ። «ግን ውሸት አላስተላልፍም። ሞቷል ወይስ አልሞተም? ቁርጡን ንገሩኝ።»

ቁርጡን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። ጋሼ በላቸው ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው አዋሽ ነበሩ። ስልክ ደወልኩላቸው፤ ምንም ሳይጠይቁ አካፋቸውን ይዘው በጭነት መኪና ጋቢና መጡ። ማሳው ላይ ቆሙ። ኮዳቸውን ከፈቱ፣ አፈሰሱ። ውሃው ቁጭ አለ። ሰማዩ ሲታይበት ሁሉ አየሁ። «ጠጣ?» አላሉም። አሻ ዓይኗን ከእሳቸው ላይ አልነቀለችም። ጋሼ በላቸው ወደ ማሳው ጠርዝ ሄዱ፤ መጀመሪያ በደረቀው በኩል መሬቱ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር። ስንጥቁ ውስጥ ጣታቸውን ሰደዱ፣ አሸተቱና ቀና አሉ።

«አልሞተም» አሉ። «አኩርፏል።»

ሁመድ በቶሎ አልተረጎመም፤ ከዚህ በኋላማ ማን ያምነዋል። ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ማኩረፉ እንደ ሚስት ነው?» አላቸው።

«ልክ እንደ ሚስት ነው።»

ሲተረጎምላቸው ሐጂ ያዮ ከት ብለው ሳቁ። አሻም ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀች። ጋሼ በላቸው ዕርቁን ሲዘረዝሩ እኔ እንደ ተማሪ ቆሜ ሰማሁ። ትራክተር አይግባ፤ በጉልበት የተከፈተ መልሶ ይዘጋል። እንዲህ ያለ ሸክላ አፈር ሲደርቅ ራሱ ይሰነጣጠቃል፤ ይተዉት። በደንብ ሲደርቅ ከሌላ ማሳ አገዳ አምጥተው እላዩ ላይ ይበትኑ፤ ጥቂት ከብት ይግባ፣ ይብላ፣ የተረፈውን ከእበቱ ጋር ስንጥቁ ውስጥ ይርገጠው፣ ቶሎ ይውጣ። ከዚያ ላብላብ፣ ከላብላቡ በኋላ በቆሎ።

ሊያዩ የመጡት የጎሣው ሽማግሌዎች «ከብት ያጠፋውን በከብት?» ብለው ተገረሙ። ሐጂ ያዮ ግን ተነሥተው ቆሙ። «ከብቶቹ የኔ ናቸው፤ ስሜም የኔ ነው። ማሳውን እስከሚቀጥለው አዝመራ ተዉላት፤ ካልሆነ እኔ እጠየቃለሁ» አሉ። በዳጉውም የአሻ መሬት አልሞተም፣ ተኝቷል፣ ማንም አይቀስቅሰው የሚል ወሬ ላኩ። ከዚያ ወዲያ አንድም የባዕድ ከብት ድርሽ አላለም።

ያን ወቅት አሻ በየጠዋቱ ማሳው ዳር እየቆመች «ደህና አደርክ?» ትለው ነበር፤ ያኮረፈ ነው ተብላለችና። ስንጥቁ አገዳና እበት ዋጠ። ላብላቡ በስንጥቁ በኩል ወጣ፣ ተሳበ፣ መሬቱን አለበሰው። አንድ ጠዋት ደረቅ እበት ቆርቆር አድርጌ «ቤቶች!» ስል ጢንዚዛዎች ተራወጡ። እልልታዬን የሰማ ሰው ሠርግ መስሎት መጣ። በቆሎው ሲደርስማ ምን እላለሁ! ሽማግሌዎቹ ውስጡ ገብተው ተሰወሩብን፤ ሁመድ «ጂፒኤስ ስጧቸው» እያለ ይጮሃል። አሻ ጀሪካኗን ይዛ መሃላቸው ገባችና መሬቱ ላይ ዘረገፈችው። ውሃው ሽው ብሎ ገባ። «ጠጣ!» አለች በአማርኛ። «ጠጣ! አያችሁ? ጠጣ!» ማሳው የእሷ ሆኖ ቀረ። ባለ ትራክተሩ ሌላ ቦታ ፈለገ። ሐጂ ያዮና አሻ ዛሬም በየበጋው ያንኑ ያደርጋሉ፤ የእሷን አይተውም ሌሎች ባለ ማሳዎች ከብት ይጠራሉ።

ጋሼ በላቸው ያረፉት እኔ ወደ ሰመራ ከተዛወርኩ በኋላ ነው። ለሁመድ ስልክ ደውዬ «ጋሼ በላቸው አረፉ» አልኩት።

በቀስታ «እንደ ሰው ነው እንደ መሬት?» አለኝ።

«እንደ ሰው» አልኩት። እንባዬ እየወረደ ሳቄ መጣ። እሳቸውም ቢሰሙት ይስቁ ነበር።

አሁን ወደ ጋቢው ልመለስ። ከሰመራ ወደ አዋሽ፣ ሁመድም ወደሚያውቀው ቤቴ፣ ዕቃዬን ሳጓጉዝ ስልኬ ወድቆ ተሰበረና ጥገና ገባ። ሁመድ ሲደውልልኝ አልነሣ ስል ቢሮ ደወለ። ያነሣችው አዲስ ልጅ ነበረች። «ወይዘሮ ሙሉነሽ? እሳቸውማ አረፉ!» አለችው። ሁመድ የተማረውን አልረሳምና «እንደ ሰው ነው እንደ መሬት?» ብሎ ጠየቃት። ልጅቱ የሚያፌዝባት መሰላት። «እንደ ሰው ነዋ! ሰው አይደሉም እንዴ?» ብላ ዘጋችበት።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። ግቢዬ ውስጥ ያን ጋቢ አጥቤ ገመድ ላይ እያሰጣሁ ነበር። አንድ አይሱዙ በሩ ላይ ቆመና ሰዎች ወረዱ። በጋቢው በኩል አንገቴን ብቅ ሳደርግ ሁመድ «አዑዙ ቢላህ!» ብሎ ወደ ኋላ ዘለለ። ሐጂ ያዮ በምርኩዛቸው ቆመው «ኢና ሊላሂ» ብለው የጀመሩትን የሐዘን ቃል ግማሽ መንገድ ላይ ተዉት። አሻ መጥታ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ሥጋ መሆኔን ስታረጋግጥ አቅፋኝ ታለቅስ ጀመር።

«አልሞትሽም እንዴ አንቺ!»

«ማን ገደለኝ?»

ሁሉም ወደ ሁመድ ዞረ። «ጠይቄያለሁ!» አለ እጁን እያወናጨፈ። «ወላሂ ጠይቄያለሁ! እንደ ሰው ነዋ አለችኝ!»

ሐጂ ያዮ ሳቃቸው ሲበርድላቸው በረንዳው ላይ ተቀመጡና «በይ፣ ደንቡ ይፈጸም። ዳጉሽን ስጪ። በምን ሞትሽ?» አሉኝ።

«በጡረታ» አልኳቸው።

ሁመድ ለመተርጎም አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ተወው።

አሻ ግን እንደ ማፈር እያደረጋት ነበር። ከጎኗ ያስቀመጠችውን ትንሽ ጆንያ በእግሯ ወደ ኋላ ስትገፋው አየኋት። ምንድነው ብዬ ያዝኩባት። «እናንተ ሰው ሲሞት አፈር ለበሰ ትላላችሁ አሉኝ» አለች። «የማታውቂውን አፈር ከሚያለብሱሽ የኔን ልበሺ ብዬ ነው ያመጣሁት።»

ጆንያውን ፈታሁት። ያ እንደ ጡብ የደረቀ መሬት ነው ይህ! ጠቆር ያለ፣ ፍርፍር የሚል፣ ሥር የተሰባጠረበት፣ ዝናብ ዝናብ የሚሸት አፈር። አንዲት ጢንዚዛ ከመሃሉ ወጥታ ተራወጠች፤ ከአሳይታ አዋሽ ድረስ በነፃ የመጣች እንግዳ። «ቤቶች!» አልኳት። ስንቱ ሰው በቁሙ እንዲህ ያለ አፈር ይደርሰዋል? ከዚያ አዳራሽ ጭብጨባ፣ ከጋቢውም ይህ ይበልጥብኛል፤ በእውነት ይበልጥብኛል።

በጣሳ ውሃ አመጣሁና ጆንያው ውስጥ አፈሰስኩ። ሐጂ ያዮ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ አሻና ሁመድ ቁጢጥ ብለው፣ አራታችንም አጎነበስን። ጠጣ።

ማግሥቱን ሲነሡ ሐጂ ያዮ ጥርጣሬ ያዛቸው። ሞቴ በዳጉ ሸለቆውን አዳርሷል፤ እሳቸው ደግሞ ውሸት አያስተላልፉም። «መንገድ ላይ የሚያገኘን ሁሉ ስለ አንቺ ይጠይቀናል። ምን እንበል?» አሉኝ።

እኔ ሳላስብ ሁመድ ከአይሱዙው ላይ ቀደመኝ።

«አርፋለች እላቸዋለሁ» አለ። «እንደ መሬት።»